«ሥራ የለኝም» ያለችው በሬ ቀላቢ

የሐረር ሰንጋ ስም ያለው ከብት ነው። በዓል ሲቃረብ አዲስ አበባ ገበያ ላይ ዋጋው ሲጠራ ገዢው ራሱን ይዞ ይቆማል፤ ሻጩም «የሐረር እኮ ነው» ብሎ ክርክሩን ይዘጋዋል። ለመሆኑ ያንን በሬ ማን አደለበው?

ነገሩን ለማያውቅ ልንገር። በጨርጨር ደጋ መሬት ጠባብ ነው፤ ከብት ለቀው የሚያሰማሩበት መስክ ብዙም የለም። ስለዚህ ገበሬው ማሽላውንና በቆሎውን ሆን ብሎ አብዝቶ ይዘራል። ቡቃያው ከፍ ሲል ማሳው ይሳሳል፤ የተነቀለውም እየተሸከመ ቤት ይገባል። በሬው እርሻውን ከጨረሰ በኋላ ደጅ ይታሰራል። ከዚያ ወዲያ ለወራት ሣሩም፣ የማሽላ ቅጠሉም፣ የበቆሎ ቡቃያውም፣ ውሃውም ካለበት ድረስ ይመጣለታል፤ ብዙ ጊዜም በእጅ እየጎረሰ ነው የሚቀለበው። የምታጎርሰው በአብዛኛው የቤቱ ሴት ናት፤ ልጆቿ ይረዷታል። የሽያጩ ቀን ሲደርስ ግን ገመዱን ይዞ ገበያ የሚወርደው ባል ነው።

አሁን ከቺሮ (አሰበ ተፈሪ ማለት ለሚቀናችሁም ያው ናት) ወጣ ባለች አንዲት ቀበሌ የስታቲስቲክስ መረጃ ሰብሳቢ አንድ ቤት አንኳኳ እንበል። ባልየው ሥራው ሲጠየቅ «ገበሬ ነኝ» ይላል፤ «ለራሱ የሚሠራ» ተብሎ ይመዘገባል። ሚስቱ ስትጠየቅ «ሥራ የለኝም፣ ቤት ነኝ» ትላለች። ከነጭራሹ ሳትጠየቅም ልትቀር ትችላለች፤ የቤቱ ኃላፊ «እሷ የቤት እመቤት ናት» ብሎ ይመልስላታላ! ይህ ሁሉ ሲሆን ሴትየዋ የበሬውን ቅጠል ታቅፋ ቆማለች።

የዛሬው ጽሑፌ ስለዚያች አንዲት መልስ ታሪክ ነው። «ይሠራል» እና «አይሠራም» የሚለውን የሚለየው መስመር የተሰመረው ሴትየዋ የምትሠራውን ሥራ አይቶ አይደለም። ምርቱ ማን ዘንድ ደረሰ? ማን ሸጠው? ጠያቂው ማንን ጠየቀ? መስመሩን ያሰመሩት እነዚህ ናቸው። ባለፉት 70 ዓመታት መስመሩ ደጋግሞ ተነቅሎ ሌላ ቦታ ተተክሏል። ሴትየዋ ግን ከቆመችበት ፈቀቅ አላለችም፤ ሸክሙም ያው ነው። (የአገር ውስጡን ዘመን በእኛ አቆጣጠር፣ የውጩን እ.ኤ.አ. እያልኩ እጽፋለሁ።)

በቃሉ ልጀምር። «እመቤት» ማለት በአማርኛ የምታዝ፣ ሎሌና ገረድ ያላት፣ ክብር የሚገባት ሴት ማለት ነው። «የቤት እመቤት» የሚለው መጠሪያ በቀበሌ መታወቂያ ላይ «ሥራ» በሚለው መስመር ሲሞላ ግን የሚነግረን ሴትየዋ ሥራ እንደሌላት ነው። ገረድ ያላትን ሴት ስም ወስደን ራሷ ሁሉንም ለምትሠራ ሴት ሰጠናት፤ ከዚያም «አትሠራም» አልናት። በኦሮምኛ «ሃዳ መና» ትባላለች፣ የቤት እናት። እሱም ቢሆን መጠይቁ ላይ ሲደርስ ዕጣው አንድ ነው። «ሥራ» የሚለው ቃላችንም ራሱ ጠቧል። ድሮ ሥራ ማለት መሥራት ነበር፤ ዛሬ «ሥራ አለሽ ወይ?» ማለት «ደመወዝ ይከፈልሻል ወይ?» ማለት ሆኗል። ስለዚህ «ሥራ የለኝም» ያለችው ሴት አልዋሸችም። የተጠየቀችውን ነው የመለሰችው።

ይህ የእኛ ብቻ ጣጣ አይደለም። እንግሊዞች በ1851 እ.ኤ.አ. ባደረጉት ቆጠራ «የገበሬ ሚስት» የሚባል መደብ ነበራቸው። የገበሬ ሚስት ወተት የምታልብ፣ ቅቤ የምታወጣ፣ ዶሮ የምታረባ ናትና ሥራ እንዳላት ሰው ትቆጠር ነበር። በ1881ዱ ቆጠራ ግን ያ መደብ ቀረና ሚስቶቹ በጅምላ «ሥራ የሌላቸው» ወደሚለው ተዛወሩ። ላሟ ያችው ላም፣ ቅቤውም ያው ቅቤ ነው። የተቀየረው ደንቡ ነው።

በዓለም ደረጃ ደንቡን የሚያወጣው በዓለም የሥራ ድርጅት ሥር የሚሰበሰበው የሥራ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ጉባኤ ነው። በ1954 እ.ኤ.አ. ስምንተኛው ጉባኤ ስለ «ያለ ክፍያ የሚሠራ የቤተሰብ አባል» አንድ ነገር ወሰነ። ይህ ሰው በቤተሰቡ እርሻ ወይም ሱቅ ውስጥ ቢሠራም ሠራተኛ ተብሎ የሚቆጠረው ከመደበኛው የሥራ ሰዓት ቢያንስ አንድ ሦስተኛውን ከሠራ ነው። መደበኛው ሳምንት 48 ሰዓት ነው ካልን 16 ሰዓት መሆኑ ነው። የእርሻው ባለቤት በሆነው ባል ላይ ግን እንዲህ ያለ ገደብ አልተጣለበትም።

እስቲ ይህን ወደ ሂርና ወይም ወደ በዴሳ አምጡት። ሴትየዋ ማለዳ ውሃ ቀድታ፣ እንጀራ ጋግራ፣ ልጆቹን አብልታ፣ በመካከሉ በቀን ሁለት ሰዓት ለበሬው ቅጠል ስታጭድና ስትሸከም ትውላለች እንበል። በሳምንት 14 ሰዓት ማለት ነው፤ 16 አልሞላም። ስለዚህ አትሠራም! ቀሪው የቀኗ ሥራ ደግሞ ድሮም ከመስመሩ ውጭ ነው። አንድ ሰው ከማለዳ እስከ ማታ ሳይቀመጥ ውሎ ከሠራተኛ ቁጥር የሚወጣበትን ደንብ መቀመር ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

በ1970 እ.ኤ.አ. ዴንማርካዊቷ የኢኮኖሚ ባለሙያ ኤስተር ቦዘረፕ ሴቶች በልማት ውስጥ ስላላቸው ድርሻ በጻፈችው መጽሐፍ ይህንን ጉዳይ አነሣችው። በአፍሪካ አብዛኛውን የምግብ እህል የሚያመርቱት ሴቶች ሆነው ሳለ በቁጥር ሲፈለጉ እንደማይገኙ አሳየች። ከዚያ ወዲያ ክርክሩ አልበረደም፤ በ1982 እ.ኤ.አ. አሥራ ሦስተኛው ጉባኤ ደንቡን ቀየረው። የአንድ ሦስተኛው ገደብ ተነሣ። በሳምንቱ ውስጥ አንድ ሰዓት እንኳ በቤተሰቡ እርሻ ላይ የሠራች ሴት ሥራ ላይ እንዳለች ትቆጠር ተባለ። ለገበያ ያልወጣ፣ ቤት ውስጥ የተበላ ምርትም ለቤተሰቡ ፍጆታ ትልቅ ድርሻ ካለው ይቆጠር ተባለ።

በአንድ ቀን የብዕር ምት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሴቶች «ሥራ አገኙ» ማለት ነው። አንዳቸውም ግን አልሰሙም።

በ1993 እ.ኤ.አ. ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የብሔራዊ ሂሳብ አያያዝ ሥርዓት ሲከለስ መስመሩ እንደገና ተነሣ። ቤተሰብ ለራሱ የሚያመርተው ዕቃ ሁሉ ወደ ውስጥ ገባ፤ ለራሱ የሚሰጠው አገልግሎት ውጭ ቀረ። ይህን ወደ ወጥ ቤት ስናመጣው እንዲህ ይሆናል። ውሃ መቅዳት ምርት ነው፤ ውሃውን ጥዶ ገንፎ ማገንፋት ምርት አይደለም። ማሽላ መፍጨት ውስጥ ነው፤ የተፈጨውን ማሽላ መጋገር ውጭ ነው። ወተት መናጥ ይቆጠራል፤ ልጅ ማጥባት አይቆጠርም። ወጥ ቤት ቆማ ይህን የምትሰማ እናት ካለች ሳቋን አትችለውም።

ለምን እንዲህ ሆነ ብላችሁ ብትጠይቁ ባለሙያዎቹ መልስ አላቸው። የቤት አገልግሎት ገበያ አይወጣም፣ ዋጋ ለመገመት ያስቸግራል፤ ሁሉም ከተቆጠረ ደግሞ ሥራ አጥ የሚባል ሰው አይገኝም ይላሉ። የመጨረሻው ምክንያት ቀልድ አይደለም፤ ኋላ እመለስበታለሁ። የዋጋው ነገር ግን አይዋጥልኝም። እንግሊዛዊው ኢኮኖሚስት ፒጉ ከመቶ ዓመት በፊት እንዳለው አንድ ሰው የቤት ሠራተኛውን ቢያገባ የአገር ገቢ ይቀንሳል። ሠራተኛዋ ትናንት በደመወዝ የሠራችውን ዛሬ በሚስትነት ስትሠራው ከመዝገቡ ይጠፋል። በ1934 እ.ኤ.አ. ደግሞ ትውልደ ካናዳዊቷ ማርጋሬት ሪድ ቀላል መለያ አቅርባለች፦ አንድን ሥራ ለሦስተኛ ሰው ከፍሎ ማሠራት ከተቻለ ሥራው ምርት ነው።

እኛ አገር ይህን መለያ ሳያውቀው ሕግ አድርጎ የጻፈው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ያ ሕግ ባል የቤተሰቡ አስተዳዳሪ ነው ካለ በኋላ፣ ባል ለሚስቱ የቤት አገልጋዮች ለማቅረብ አቅም ካልፈቀደለት የቤቱን ሥራ ሚስቲቱ እንድትሠራ ግዴታ ይጥልባት ነበር። አስተውሉ! ሕጉ ሚስትን በአገልጋይ ቦታ እየተካት ነው። አገልጋይ ቢኖር ሥራው በደመወዝ ይሠራ ነበር፤ አገልጋይ ስለሌለ በነፃ ይሠራል። ሕግ አውጪው ሥራው ሥራ መሆኑን በሚገባ ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ የመሬት አዋጁ መጣ። የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን አዋጁ ያለ ጾታ ልዩነት ራሱ ለማረስ ለፈቀደ ሁሉ መሬት እንደሚሰጥ ደንግጎ ነበር። መፈክሩ ግን «መሬት ለአራሹ» ነው። አራሽ ማን ነው? በሬ የሚጠምድ፣ ሞፈር የሚይዝ፤ በሐረርጌ ደጋማ ማሳ ደግሞ በዶማና በዶንጎራ የሚቆፍር። ማረም፣ ማሳሳት፣ መሸከም፣ ማድረቅ፣ መፈልፈል «ማረስ» ውስጥ አልገቡም። በገበሬ ማኅበር መዝገብም የሠፈረው የቤተሰብ ኃላፊው ስም ነው። ስለዚህ ስታቲስቲክሱ ከመድረሱ በፊት «ሠራተኛው ማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ መፈክራችን መልሶት ነበር። ለመፈክሩ ያለኝን ክብር ይህ አይቀንሰውም፤ ነገር ግን እውነቱ ይኸው ነው።

የመጀመሪያው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በግንቦት 1976 ዓ.ም. ተካሄደ። ሁለተኛው በጥቅምት 1987፣ ሦስተኛው በግንቦት 1999። በ1999ኙ ቆጠራ ምዕራብ ሐረርጌ ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ሰው ነበረው፤ ከ900 ሺህ በላይ የሚሆኑት ሴቶች ናቸው፤ ከተሜው ከመቶ አሥር አይሞላም። የሥራ ጥያቄዎች የነበሩት በረጅሙ መጠይቅ ላይ ሲሆን እሱም ከአምስት ቤት አንድ ቤት ብቻ ነው የተጠየቀው። ቆጠራ ሰው ለመቁጠር እንጂ ሥራ ለመመርመር የተዘጋጀ መሣሪያ አይደለም፤ ቆጣሪው ብዙ ቤት አለበት፣ የሚያዋራውም የቤቱን ኃላፊ ነው።

የተሻለው መሣሪያ ብሔራዊው የሠራተኛ ኃይል ጥናት ነው። የመጀመሪያው በ1991 ዓ.ም. መጋቢት፣ ሁለተኛው በ1997 መጋቢት፣ ሦስተኛው በ2005 ሰኔ ተካሄደ። ጥናቶቹ በ1982 እ.ኤ.አ. የወጣውን ሰፋ ያለ ትርጓሜ ስለተከተሉ የገጠር ሴት በብዛት ወደ ሠራተኛው ጎራ ገባች። የገባችበት በር ግን አንድ ነው፤ «ያለ ክፍያ የሚሠራ የቤተሰብ አባል»። በ1997ቱ ጥናት ሥራ ላይ ናቸው ከተባሉት ሴቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በዚህ መደብ ነበሩ።

እዚህ ላይ ወሩን ልብ በሉልኝ። ዋናው ጥያቄ ስለ ያለፉት ሰባት ቀናት ነው። በጨርጨር ደጋ መጋቢትና ሰኔ አንድ አይደሉም። በመጋቢት ገና መሬት የሚዘጋጅበት ነው፤ ዶማው ወንዱ እጅ ነው። ሰኔ ላይ አረሙና ማሳሳቱ ይመጣል፤ ሴቷ ማሳ ውስጥ ናት፣ የበሬውም ቅጠል ያኔ ይበዛል። አንዲትን ሴት በመጋቢት «ባለፈው ሳምንት እርሻ ላይ ሠርተሻል?» ብሎ መጠየቅና በሰኔ መጠየቅ ሁለት የተለያዩ ሴቶችን እንደመጠየቅ ነው።

የወተቱንም ነገር በዚሁ ላንሣ። በሚኤሶ አካባቢ ሴቶች «ፈረቃ» የሚሉት ልማድ አላቸው። እያንዳንዷ የላሟን ወተት ታዋጣለች፤ የሁሉንም ወተት ይዛ ገበያ የምትወርደው ተራዋ የደረሰው ናት፤ ገንዘቡም የዚያን ቀን የእሷ ነው። አንዲት ጠርሙስ ወተት ይዞ በየቀኑ ገበያ መሄድ ጊዜም ጉልበትም ስለሚፈጅ የተፈጠረ ብልኃት ነው። (ባንክ ሳይኖር የተፈጠረ ባንክ ብለው ማጋነን አይሆንብኝም።) አሁን ተራዋ ባልደረሰበት ሳምንት ጠያቂ ቢመጣባትና «ባለፉት ሰባት ቀናት የሸጥሽው አለ?» ቢላት መልሷ «የለም» ነው። ሰባቱንም ቀን ግን አልባለች፣ ቅሉን አጥናለች፣ ወተቱን አዋጥታለች። ያች ሴት በአንድ ሳምንት ነጋዴ፣ በሌላው ሳምንት የቤት እመቤት ልትሆን ነው።

ለዚህ ዓይነቱ ነገር መድኃኒቱ የሰዓት አጠቃቀም ጥናት ነው። «ሥራ አለሽ?» ብሎ በመጠየቅ ፈንታ «ትናንት ከነቃሽበት ሰዓት ጀምሮ ምን ምን አደረግሽ?» ብሎ ይጠይቃል። ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን በ2005 ዓ.ም. አካሂዳለች፤ ዕድሜያቸው 10 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑትን ነው የጠየቀው። ውጤቱም ሴቶች ከ24 ሰዓት ውስጥ ከመቶ 19 ያህሉን ክፍያ በሌለው የቤት ውስጥና የእንክብካቤ ሥራ ላይ ሲያሳልፉ ወንዶች ከመቶ 7 ያህሉን ብቻ መሆኑን አሳየ። ወደ ሰዓት ስንለውጠው ሴቷ በየቀኑ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ወንዱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ማለት ነው። ይህ ከእርሻው፣ ከገበያውና ከበሬው ሌላ ነው። የአሥር ዓመት ልጅና አሮጊት ያሉበት አማካይ ስለሆነም የአንዲት ወጣት እናት ቀን ከዚህ እንደሚከብድ መገመት አያቅትም።

ወደ ጫቱ ልምጣ፤ ምክንያቱም የመጨረሻው ለውጥ የሚገባን እዚያ ነው።

በጥቅምት 2013 እ.ኤ.አ. ጄኔቫ ላይ አሥራ ዘጠነኛው ጉባኤ ከባድ ውሳኔ ወሰነ። በአንድ በኩል «ሥራ» ምን እንደሆነ ሲተረጉም በታሪክ ሰፊውን ትርጓሜ ሰጠ፦ ለራስም ሆነ ለሌላ ጥቅም ዕቃ ለማምረት ወይም አገልግሎት ለመስጠት የሚደረግ ማንኛውም እንቅስቃሴ ሥራ ነው። ማገንፋቱም፣ ማጥባቱም፣ ማጠቡም ሥራ ተባለ። ይህ ትልቅ ድል ነው። በሌላ በኩል ግን «ሥራ ላይ ያለ» የሚለውን መደብ ለክፍያ ወይም ለትርፍ በሚሠራው ብቻ አጠበበው። በዋናነት ለቤት ፍጆታ የሚያመርት ገበሬ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ «ለራስ ፍጆታ የሚያመርት» ተብሎ ወደ ሌላ መደብ ይሄዳል። በቤተሰቡ እርሻ ያለ ክፍያ የምትሠራው ሴት ሥራ ላይ እንዳለች የምትቆጠረው ምርቱ በዋናነት ለገበያ ከሆነ ነው።

አሁን የገለምሶን ወይም የቺሮን ማሳ በዓይነ ኅሊናችሁ አምጡት። ጫቱ በመስመር ተተክሏል። በጫቱ መስመሮች መካከል ማሽላ ወይም በቆሎ ተዘርቷል፤ አንዳንዴም ባቄላ ወይም ቦሎቄ ጣል ጣል ተደርጎበታል። መሬት ጠባብ ስለሆነ የተገኘ ጥበብ ነው። ጫቱ ተቀንጥሶ፣ ዙርባ ዙርባ ሆኖ ታስሮ በዚያው ቀን መኪና ላይ ይወጣል፤ ማሽላው ጎተራ ይገባል። ሴትየዋ ጎንበስ ብላ ስታርም አንዴ የጫቱን ግርጌ፣ አንዴ የማሽላውን ግርጌ ታርማለች። አንድ ወገብ ነው፣ አንድ ጎንበስ ነው።

የጄኔቫው መስመር በጫቱና በማሽላው መካከል ያልፋል። ጫቱ ካመዘነ ሴትየዋ ሥራ ላይ ናት፤ ማሽላው ካመዘነ አይደለችም። ዘንድሮ ጫት ረክሶ ማሽላው በዋናነት ከተቆጠረ፣ ማሳዋን ሳትለቅ፣ መጥረጊያዋን ሳታስቀምጥ፣ ከሠራተኛ መደብ ትወጣለች። ባሏም አብሯት ይወጣል፤ ልዩነቱ እሱን ማንም «ሥራ የለህም» አይለውም፤ እሷ ግን ድሮም ተብላለች።

በነገራችን ላይ ለዚህ ውሳኔ የሚከራከሩለት ሰዎች ያላቸው ነጥብ ቀላል አይደለም። ኋላ እመለስበታለሁ ያልኩት ይህ ነው። በ2005 ዓ.ም. ጥናት የአገራችን የሥራ አጥነት መጠን ከመቶ 4.5 ነበር። ይህን ቁጥር አውሮፓዊ ቢያየው «ኢትዮጵያ ምን ጎደላት?» ይላል። ቁጥሩ ያን ያህል ያነሰው በሳምንት አንድ ሰዓት ቅጠል የተሸከመች ሴትም፣ ሌላ ሥራ አጥታ የአባቷን ማሽላ ስትጠብቅ የዋለች ልጅም «ሥራ ላይ ናቸው» ስለተባሉ ነው። ደሞዝ የሌለው፣ ለውጥ የሌለው ልፋት ሥራ ተብሎ ሲቆጠር ድህነቱ ይደበቃል፤ መንግሥትም በቁጥሩ ይኩራራል። ስለዚህ መቁጠር ብቻውን ጽድቅ አይደለም። የምቃወመው ሁለቱንም ነው፦ አትሠራም ብሎ መጣሏንም፣ ሥራ ላይ ናት ብሎ ዝም ማለቱንም። የ2013 እ.ኤ.አ. ውሳኔ በትክክል ቢሠራበት ሁለቱን ለይቶ ማሳየት ይችላል፤ የሚያስፈራኝ ግን ሚኒስትሮችና ጋዜጦች የሚያነቡት «ሥራ ላይ ያለ» የሚለውን አንዱን ዓምድ ብቻ መሆኑ ነው። «ለራስ ፍጆታ የሚሠራ» የሚለው ዓምድ አባሪ ሆኖ የሪፖርቱ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል፤ አባሪ ደግሞ ማን ያነባል?

ልጃገረዷስ? ከጉባ ቆሪቻ ወይም ከዳሮ ለቡ ገጠር ወጥታ ቺሮ ከተማ ሰው ቤት የገባች ልጅ «የቤት ሠራተኛ» ተብላ ትቆጠራለች። ትጋግራለች፣ ታጥባለች፣ ሕፃን ታዝላለች። እቤት የቀረችው እህቷም ትጋግራለች፣ ታጥባለች፣ ሕፃን ታዝላለች፤ በላዩም በሬ ትቀልባለች። አንዷ ሠራተኛ፣ ሌላዋ ሥራ የሌላት። ሦስተኛዋ እህት ጂዳ ከደረሰች ደግሞ ያው መጥረግና ማብሰል የውጭ ምንዛሪ ይሆንና ብሔራዊ ባንክ ዘንድ ይመዘገባል። አንድ እናት የወለደቻቸው፣ አንድ ምድጃ ላይ የለመዱ ሦስት ልጆች ናቸው።

«ተቆጠረች አልተቆጠረች ምን ይለወጣል? ቁጥር አይበላ!» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። የሚለወጠውን ልንገራችሁ።

ዓመታዊው የግብርና ናሙና ጥናት የሚመዘግበው «ባለይዞታ» የሚባለውን፣ ማለትም ይዞታውን የሚያስተዳድረውን ሰው ነው። ባል ባለበት ቤት ሚስት ባለይዞታ ሆና እምብዛም አትገኝም። ስለ ማድለብ የሚሰጥ ሥልጠና ሲመጣ የሚጠራው በመዝገብ ያለው ሰው ነው። በሬውን የምትቀልበው ሴት ሳትጠራ፣ ስለ መኖ አዘገጃጀት ባሏ ሠልጥኖ አበሉን ይዞ ይመለሳል። ብድር ሲጠየቅም ቅጹ «ሥራ» የሚል መስመር አለው፤ «የቤት እመቤት» ተብሎ ከተሞላ ውይይቱ አጭር ነው። ትዳር ሲፈርስም አለ። የኦሮሚያ ክልል የቤተሰብ ሕግ በጋብቻ ዘመን የተፈራውን ንብረት የጋራ ነው ቢልም፣ ሽማግሌ ፊት የሚነሣው ጥያቄ «ማን አፈራው?» ነው። ባል «እኔ ገዛሁት፣ እኔ ሸጥኩት» ይላል። እሷ ለስድስት ወር በእጇ እንዳጎረሰችው የሚመሰክር ወረቀት የለም።

የሚገርመው መንግሥት ራሱ ሲፈልግ ሥራውን መቁጠር ያውቅበታል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በምዕራብ ሐረርጌ ብዙ ወረዳዎችን ያቀፈ ነው። እርከን የሚሠራው፣ መንገድ የሚቆፈረው በዚሁ ነው። ፕሮግራሙ ነፍሰ ጡሮችንና አጥቢዎችን ከጉልበት ሥራ ነፃ አድርጎ በቀጥታ እንዲረዱ ያደርጋል፤ ከአራተኛው ምዕራፍ ወዲህ ደግሞ የሴቶች የሥራ ጫና ከወንዶቹ በግማሽ እንዲያንስ መመሪያው አዟል። ምክንያቱ ምንድን ነው? ሴቷ ቤት ውስጥ ሌላ ሥራ አለባት! እንግዲህ በአንድ ወረዳ፣ በአንድ ዓመት፣ ለአንዲት ሴት ሁለት የመንግሥት ወረቀት አለ። የሴፍቲኔቱ ወረቀት «ቤት ውስጥ ብዙ ሥራ አለባት፣ ግማሹን ቀንሱላት» ይላል። መታወቂያዋ «የቤት እመቤት» ይላል፤ ሥራ የላትም ማለት ነው። ከሁለቱ ሕይወቷን የሚያውቀው የቱ እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ። እኔ የሴፍቲኔቱን መመሪያ የጻፈው ሰው ሰባቱን ቀን ቆሞ ያየ ይመስለኛል።

አራተኛው የሕዝብ ቆጠራ ደጋግሞ ተራዝሟል፤ የመጨረሻው እስካሁን የ1999ኙ ነው። የሚመጣበት ቀን መቼም ይሁን፣ መጠይቁ ሲዘጋጅ ለምዕራብ ሐረርጌ የምመኛቸው ጥያቄዎች ብዙ አይደሉም። ሴቷ ራሷ ትጠየቅ፤ ባሏ አይመልስላት። ጠያቂዋ ሴት ብትሆን፣ በኦሮምኛም ብታናግራት መልካም ነው። «ሥራ አለሽ?» የሚለው ይቅርና ዝርዝሩ ይነበብላት፦ ባለፈው ሳምንት ለከብት ቅጠል ወይም ሣር አምጥተሻል? ስንት ቀን? ጫት ቀንጥሰሻል፣ ዙርባ አስረሻል? ቡና ለቅመሻል፣ አድርቀሻል? ወተት አዋጥተሻል ወይስ ተራሽ ነበር? ማሳ አርመሻል፣ ከየትኛው ሰዓት እስከ የትኛው ሰዓት? ደጅ የታሰረ በሬ ካለ ደግሞ አንድ ጥያቄ ይጨመርልኝ፦ ይህን በሬ ዛሬ ጠዋት ማን አበላው?